«መርፌው ተቀይሯል» ሲሉን ስሪንጁስ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት አክስቴን ይዤ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የታዘዘላት በየቀኑ የሚወሰድ የአምስት ቀን መርፌ ነው። በሦስተኛው ቀን ባለሙያዋ ከትሪ ላይ ማሸጊያ የሌለው ስሪንጅ አነሳች። ከዚያም አንድ አዲስ መርፌ አውጥታ ማሸጊያውን በፊታችን ቀደደችና ጫፉ ላይ ሰካችው። አክስቴ ደስ አላት። እኔ ግን «እህቴ፣ ስሪንጁስ?» ስል ጠየቅኋት። «ወንድሜ፣ መርፌው አዲስ ነው፤ ስቀደው አይተህ የለ እንዴ!» አለችኝ። «መርፌውን አይቻለሁ፤ የምጠይቅሽ ስለ ቱቦው ነው» ስላት ቅር አላት። «ቱቦው እኮ ሰውነት ውስጥ አይገባም» ስትል መለሰችልኝ። በመጨረሻ ከጎን ካለው ፋርማሲ በጥቂት ብር አዲስ ስሪንጅ ገዝቼ መጣሁና ነገሩ በዚሁ አለቀ። አክስቴ ግን ቤት እስክንደርስ ድረስ «የሰው ልጅ አሳፈርክ» እያለች ስትወቅሰኝ ነበር።

ልጅቱ አልዋሸችም። ክፋትም አላየሁባትም። መርፌውን በእርግጥ ቀይራዋለች፤ በዚህም ግዴታዋን የተወጣች መስሏታል። ስሕተቱ የመጣው ስሪንጅ እንዴት እንደሚሠራ ቆም ብሎ ካለማሰብ ነው። ቋንቋችንም በዚህ ረገድ ብዙ አላገዘንም። በአማርኛ ሹሉ ብረት መርፌ ነው፤ ከነቱቦው ያለው ዕቃም መርፌ ነው፤ መድኃኒቱም መርፌ ነው፤ መወጋቱም ያው መርፌ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «መርፌው ተቀይሯል» ሲለን የትኛው እንደተቀየረ በምን እናውቃለን? የምንፈራው የሚያመንን ነው፤ የሚያመን ደግሞ ሹሉ ብረት ነው። ቱቦውን የሚያስታውሰው የለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ይኸው የተረሳው ቱቦ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ስሪንጅ ማለት አንድ ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ ዘንግ (በዚህ ጽሑፍ «መግፊያ» እንበለው) እና በመግፊያው ጫፍ ላይ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ጥብቅ ብሎ የገጠመ ጎማ ማለት ነው። መርፌው ተጨማሪ ነው፤ በአብዛኛው ይነቀላል፣ ሌላ ይሰካበታል።

አሠራሩን ለማየት መርፌ የሌለው አዲስ ስሪንጅና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። መግፊያውን እስከ ታች ገፍተው የቱቦውን አፍ ውሃው ውስጥ ይንከሩትና መግፊያውን ወደ ላይ ይሳቡት። ውሃው ተከትሎ ይወጣል። ለምን ቢባል ብዙዎቻችን «መግፊያው ስቦት ነዋ!» እንላለን። ለመሆኑ መግፊያው ውሃውን በምን ይዞ ነው የሚስበው? በመካከላቸው ገመድ የለ፣ መንጠቆ የለ። የሚሆነው እንዲህ ነው። መግፊያው ወደ ላይ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ቦታ ይሰፋል። እዚያ የቀረችው ጥቂት አየር በሰፊው ቦታ ትሳሳለች፤ የመግፋት ኃይሏም ይደክማል። በብርጭቆው ውሃ ላይ ከውጭ የተጫነው አየር ግን ኃይሉ እንዳለ ነው። ስለዚህ ብርቱው የውጭ አየር ውሃውን ገፍቶ ወደ ደካማው ቦታ ያስገባዋል። እኛ «ሳብን» የምንለው፣ በእውነቱ አየር ገፍቶልን ነው።

አየር ይህን ያህል ኃይል አለው እንዴ? የሚል ሰው የስሪንጁን አፍ በጣቱ ደፍኖ መግፊያውን ወደኋላ ይሳብና ይልቀቀው። መግፊያው ተመልሶ ይገባል። ውስጡ የሚጎትተው ላስቲክ ስላለ አይደለም፤ ከኋላ የሚገፋው የውጭ አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት ይጭናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ሩብ ያህሉ ይቀንስልናል።

ይህ ቁጥር ለወሬ ብቻ የሚሆን አይደለም። አየር ውሃን ገፍቶ ማውጣት የሚችለው የራሱን ክብደት ያህል ነውና፣ ከላይ ሆኖ በመሳብ ብቻ ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ በባሕር ጠለል ላይ ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ምክንያቱን በ1640ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የገለጸው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ነው። በገጠራችን የሚታየው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ቱቦና መግፊያው ላይ፣ እጀታው ጋ ሳይሆን፣ ታች ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ዘንድ የተቀመጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከላይ መሳብ ካልተቻለ ታች ወርዶ ማንሳት ነዋ! ሴትየዋ እጀታውን ስትጫን ረጅሙ ዘንግ ታች ያለውን መግፊያ ከነውሃው ያነሳዋል።

ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁ በዕቃው ግን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በአንደሉስ የነበረው ሐኪም አል-ዘህራዊ (ያረፈው በ1013 ገደማ ነው) «አት-ተስሪፍ» በተባለው ሰፊ የሕክምና መጽሐፉ ውስጥ ወደ ፊኛ መድኃኒት የሚረጭበትን ቱቦና መግፊያ ያለው መሣሪያ ገልጿል። መግፊያው ከቱቦው ውስጥ ልክ የሚገጥም መሆን እንዳለበት፣ ሲሳብ ፈሳሹን እንደሚያስገባ፣ ሲገፋ እንደሚያስወጣ ጽፏል። በእርሱ ዘመን አካባቢ በግብፅ የሠራው ዐማር ኢብን ዐሊ አል-መውሲሊም የዓይን ሞራን ውስጡ ክፍት በሆነ የብረት መርፌ መምጠጥ እንደሚቻል አሳይቷል። አል-ጀዘሪ ደግሞ በ1206 በጨረሰው የመካኒክ መጽሐፉ ሁለት ቱቦዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በየተራ ውሃ የሚስቡበትንና የሚገፉበትን ፓምፕ በሥዕል አስደግፎ አቅርቧል። የቀደሙትን እየጠቀስን መኩራራት እንደምንወድ አውቃለሁ፤ እኔም አሁን ያደረግሁት እርሱኑ ነው። ይሁንና የአል-ዘህራዊ ቱቦ ዛሬ ክሊኒክ ትሪ ላይ ካለው ያገለገለ ስሪንጅ አንዳችንንም አያድነንም።

ቆዳን በስቶ መድኃኒት ለማስገባት የሚያገለግለው ክፍት መርፌ የመጣው ከዚህ ሁሉ ብዙ ዘግይቶ ነው። በ1844 በደብሊን ፍራንሲስ ራይንድ ክፍት መርፌ ተጠቀመ። በ1853 ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ውድና ፈረንሳዊው ሻርል ፕራቫ ለየብቻቸው መርፌውን ከስሪንጅ ጋር አገናኙት። ከዚያ በኋላ የመስተዋትና የብረት ስሪንጅ እየተቀቀለ ለዓመታት አገለገለ፤ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ በዓለም የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ መግፋቱ እንምጣ። አየር ብቻ የያዘን ስሪንጅ አፉን ደፍነው ቢገፉት መግፊያው ጥቂት ይገባል፤ አየር ይታመቃልና። የብስክሌት ጎማ መንፊያ የሚሠራው በዚህ ነው። ውሃ ብቻ ሞልተው ቢሞክሩት ግን ንቅንቅ አይልም። ፈሳሽ አይታመቅም፤ የተጫነበትን ኃይል ሳይቀንስ በሁሉም አቅጣጫ ያስተላልፋል። ከዚህ አንድ የሚያስገርም ነገር ይከተላል። በአንድ ዓይነት የጣት ኃይል ቀጭኑ የ1 ሲሲ ስሪንጅ ከወፍራሙ የ10 ሲሲ ስሪንጅ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል፤ ያው ኃይል በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ነርሶች በደም ሥር የተቀመጠ ረጅም ቱቦ ሲደፈን በትንሽ ስሪንጅ በኃይል እንዳይገፉ የሚመከሩት ቱቦው እንዳይፈነዳ ነው። የመኪና ክሪክም ይኸው ነው፤ ቀጭን መግፊያ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ወፍራሙን ያነሳል፣ ወፍራሙ መኪናውን። ስለ ክሪክ ይህ ይበቃናል።

ወደ ትሪው ላይ ስሪንጅ እንመለስ። ባለሙያዋ «ቱቦው ሰውነት ውስጥ አይገባም» ብላለች። ልክ ነው፣ አይገባም። ነገር ግን ሰውነት ውስጥ ያለው ወደ ቱቦው ይገባል። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው፤ መድኃኒት የምንገፋው ወደ ውስጥ አይደለም እንዴ?

አንደኛ ነገር፣ መርፌው ጡንቻ ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙ ባለሙያዎች ደም ሥር አለመንካታቸውን ለማየት መግፊያውን ትንሽ ወደኋላ ይስቡታል። ከላይ እንዳየነው መግፊያው ወደኋላ ሲሄድ ከፊቱ ደካማ ቦታ ይፈጠራል፤ ከመርፌው ጫፍ ዙሪያ ያለው ፈሳሽም ተገፍቶ ይገባል። የሚታይ ደም ላይኖር ይችላል፤ አለመታየቱ ግን አለመኖሩ አይደለም። ባይስቡትም እንኳ መግፊያው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጎማው በአውራ ጣት ኃይል ይጨመቃል። ጣት ሲነሳ ጎማው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህች የፀጉር ያህል መመለስ ራሷ መሳብ ናት። መርፌውን ለመቀየር ከቱቦው ላይ ስንነቅለው ደግሞ እንዲሁ፤ በሚለያዩበት ቅጽበት በመርፌው ውስጥ የቀረው ጠብታ ወደ ቱቦው አፍ ሊሳብ ይችላል። እንግዲህ መርፌውን ለንጽሕና ብለን ስንነቅል ያንኑ የፈራነውን ነገር ወደ ቱቦው እያስገባነው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ላይ መግፊያው የማይደርስበት ቦታ አለ። ጎማው እስከ መጨረሻው ቢሄድም በቱቦው አፍና በመርፌው እግር ውስጥ ፈሳሽ ይቀራል። መርፌው በሚነቀል ተራ ስሪንጅ ይህ ቅሪት ወደ አንድ ሲሲ አንድ አሥረኛ ሊጠጋ ይችላል። ጥቂት ነው? በ2020 መጨረሻ የኮቪድ ክትባት በተጀመረ ጊዜ አምስት ሰው ይከተብበታል ከተባለው የፋይዘር ብልቃጥ፣ ቅሪቱ ትንሽ በሆነ ስሪንጅ ሲቀዳ ለስድስተኛ ሰው የሚሆን መድኃኒት ተገኝቷል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በብዛት በደሙ ያለበት ሰው ደግሞ በአንድ ሲሲ ደሙ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ቫይረስ ሊኖር ይችላል። በዓይን የማትታይ ጠብታ በሺዎች ይዛ ትሄዳለች ማለት ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ደግሞ በ2010 በወጣ ጥናት፣ ቅሪቱ ብዙ በሆነ ስሪንጅ ውስጥ እስከ 63 ቀን ሳይሞት ተገኝቷል።

ሌላም በር አለ፤ ብልቃጡ። ባለሙያ ከታሸገ ብልቃጥ መድኃኒት ከመቅዳቱ በፊት አየር ወደ ብልቃጡ ሲያስገባ አይታችሁ ይሆናል። ብልቃጡ ዝግ ስለሆነ መድኃኒቱ እየወጣ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፤ መቅዳትም ያስቸግራል። ስለዚህ ለሚወጣው መድኃኒት ልክ አየር ይገባለታል። መልካም አሠራር ነው፤ ግን ስሪንጁ ያገለገለ ከሆነ ከአየሩ ጋር ያ ቅሪት ወደ ብልቃጡ ይገባል። ብልቃጡ የብዙ ሰው ከሆነ ቀጥሎ በአዲስ መርፌና በአዲስ ስሪንጅ የሚወጋው ሰው እንኳ አይተርፍም።

ይህ ግምት እንዳይመስለን። በ2008 በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ከተማ፣ የአንጀት ምርመራ ይሰጥ በነበረ ክሊኒክ የታከሙ ሰዎች ላይ ሄፓታይተስ ሲ ተገኘ። መርማሪዎች የደረሱበት ይህን ነው። ለታካሚው ተጨማሪ ማደንዘዣ ሲያስፈልግ መርፌው ይቀየራል፤ ስሪንጁ ግን ያው ሆኖ ወደ ብልቃጡ ይመለሳል፤ ከብልቃጡ የተረፈው መድኃኒት ደግሞ ለቀጣዩ ሰው ይውላል። መርፌ ተቀይሯል! ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ደማቸውን እንዲመረምሩ ተጠሩ። ላስ ቬጋስ ስሪንጅ የሚቸግርበት ከተማ አይደለም።

ከዚያ እጅግ የከፋው የደረሰው በግብፅ ነው። በአባይ ዳር የሚኖረውን ገበሬ ብልሃርዝያ ይጨርሰው ነበርና መንግሥት ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በዘመቻ ያክም ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ተደጋግሞ የሚወጋ ነበር። ስሪንጆቹ የመስተዋት ናቸው፤ ሕዝቡ ተሰልፏል፤ በሚገባ ቀቅሎ ለማዳረስ ጊዜ የለም። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለውን ቫይረስ ዓለም ለይቶ ያወቀው በ1989 ነውና፣ በዘመቻው ወቅት በቱቦ ቅሪት ውስጥ ምን እንደሚተላለፍ የሚያውቅ አልነበረም። በ2008 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 59 ከሆኑ ግብፃውያን ከመቶው 15 ያህሉ ቫይረሱ ደርሶባቸው እንደነበር በደማቸው ታየ። ጉበትን ከብልሃርዝያ ለማዳን የተጀመረ ዘመቻ ጉበትን በሌላ በሽታ መታው። ግብፅ ግን አልተኛችም። ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 ባሉት ጥቂት ወራት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መርምራ የታመሙትን በእንክብል አከመች። በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በምታደርገው ጉዞ ትልቅ ደረጃ መድረሷን መሰከረላት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ በየዓመቱ 16 ቢሊዮን መርፌ ይወጋል። ከዚህ ውስጥ ክትባት ከመቶው አምስት ገደማ ብቻ ነው፤ አብዛኛው እንደ አክስቴ ለሕክምና የሚወሰድ ነው። በ2010 ብቻ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ የተነሳ እስከ 1.7 ሚሊዮን ሰው በሄፓታይተስ ቢ፣ እስከ 315 ሺህ ሰው በሄፓታይተስ ሲ፣ እስከ 33,800 ሰው በኤች አይ ቪ ተይዟል ተብሎ ተገምቷል።

በነገራችን ላይ ረመዷን በመጣ ቁጥር «መርፌ ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም?» የሚል ጥያቄ አያጣንም። በ1997 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ ምግብነት ካላቸው በስተቀር በቆዳ፣ በጡንቻም ሆነ በደም ሥር የሚሰጡ መርፌዎች ጾምን እንደማያፈርሱ ወስኗል። መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ስለ ጾሙ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፣ ክንዱን ሲሰጥ ስሪንጁ ከየት እንደመጣ አለመጠየቁ ነው። ኀፍረት ይሆን?

የሰውን ማስታወስና የሰውን ድፍረት የማይጠብቅ መፍትሔ ተገኝቷል፤ እርሱም ከራሱ ከመግፊያው የመጣ ነው። ስሪንጅን አደገኛ የሚያደርገው መግፊያው ወደፊትም ወደኋላም መሄዱ ከሆነ፣ ለምን ከአንድ ጊዜ በላይ ወደኋላ እንዳይመለስ አይደረግም? በዚህ ሐሳብ የተሠሩ ስሪንጆች አሉ። በአንዳንዶቹ ቱቦው ውስጥ ትንሽ የብረት መያዣ ተቀምጧል። መድኃኒቱ ሲቀዳ መግፊያው እንደልቡ ይሳባል፤ አንዴ እስከ መጨረሻ ከተገፋ ግን መያዣው ግድግዳውን ይነክሳል። በሌሎቹ ደግሞ መልሶ ልሳብህ ቢሉት መግፊያው ይሰበራል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1999 ባወጡት የጋራ መግለጫ ክትባት ሁሉ በእነዚህ እንዲሰጥ ጠይቀዋል። በአገራችንም ሕፃናት የሚከተቡት በእነዚሁ ነው። እንግዲህ ጨቅላው ልጅ የተሻለ ስሪንጅ አለው፤ ተራውን ስሪንጅ የምናገኘው ስናድግ፣ ለሕክምና ስንሄድ ነው።

አክስቴ በአራተኛው ቀን እኔን አልጠበቀችም። በመንገዷ ፋርማሲ ገብታ አንድ ስሪንጅ ከነማሸጊያው ገዝታ በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። ያቺው ባለሙያ ነበረች። አክስቴ ቋጠሮውን ፈትታ «ይኸው ልጄ፣ መርፌው» አለቻት። ልጅቱም ሳቅ ብላ ተቀበለቻትና ማሸጊያውን በፊቷ ቀደደችው።